ሐሙስ፣ አሥር ሰዓት

ክፍሉ ፎቅ ላይ ነው፤ የመድኃኒት መጋዘን የነበረ፣
ሁለት ወንበር ገብቶበት አንድ ባዶ መደርደሪያ የቀረ።
በመስኮቱ ቆርቆሮ ይታያል፤ ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ፣
አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ የቆመ፣ እንደ ጡረተኛ፣ እንደ ዕዳ።
ከወዲያ የሐዋሳ ሐይቅ፣ የከሰዓት ነፋስ የሚያሻክረው፣
ከወዲህ እኔና ደብተሬ፣ ጠርዙን ላቤ ያረጠበው።

«እሺ ረድኤት፣» ይላል ጋሽ ዳንጊሶ፣ «ዛሬ ማንን ይዘሽ መጣሽ?»
ስም አልጠራም። እዚህ ክፍል ስም አይጠራም።
«መረብ ጠጋኙን» እላለሁ።

ጣቶቹን የናይለን ክር የበላቸው፣
ታናሽ ወንድሙን ሐይቁ የወሰደበት፣
ጀልባዋን ግን፣ ቀለሟ እንኳ ሳይላጥ፣
በሦስተኛው ቀን የመለሰለት።

አሥራ አንድ ደቂቃ ዝም አለ።
ሰዓቱ ከራሱ በላይ ነበር የተሰቀለው፤ ቆጠርኩ።
በአሥራ ሁለተኛው ላይ አልቻልኩም፤ ጀመርኩ።
ስለ ትንፋሽ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ሐዘን ደረጃ፣
«ሁሉም ያልፋል» ሁሉ ሳልል አልቀረሁም፤
አራት ዓመት የተማርኩትን በሙሉ
እንደ ሱቅ በደረቴ ከፍቼ ዘረገፍኩለት።
ሰውየው አየ። ዕቃዬን አንድ በአንድ አየ።
ምንም አልገዛም።
«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ወጣ።
እኔም መዝገቡ ላይ «ለውጥ አለ» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ዳንጊሶ መነጽሩን አወለቀ፤
ሲያወልቀው ዓይኑ ያንሳል፣ የልጅ ይመስላል።
«ማን ላይ?» አለ።
«ምኑ?»
«ለውጡ። ማን ላይ ነው?»

ታች ባጃጅ ጮኸ። አንዱ ሰደበው። ሄደ።
«ሁለት ማክሰኞ ቀርቷል» አልኩ፣ ድምፄ ከዳኝ።

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ፤
ትምህርት ቤት እንደለመድኩት፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ ከመቶ ስንት።
እሱ ግን ዝም አለ።
ዝምታው ወንበር ስቦ መሀላችን ተቀመጠ።
ጫማዬን አየሁ። የመደርደሪያውን አቧራ አየሁ።
አባ ኮዳው አንዱን እግር አጥፎ ሌላውን ዘረጋ።
አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን
የመረብ ጠጋኙ ነገር አልነበረም።

«አባቴ» አልኩ፣ «ከፋብሪካ ከተቀነሰ በኋላ
ዓመት ሙሉ አይናገርም ነበር።
ራት ላይ እኔ ነበርኩ የማወራው፤
ስለ ክፍል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎረቤት ድመት፤
ካቆምኩ የሚሞት ይመስለኝ ነበር።»

«እና ሞቱ?»
«ኧረ! ዱራሜ ነው ያለው። ንብ ያረባል።»
ሁለታችንም ሳቅን፤ የእኔው ቶሎ ረጠበ።

«ይሄን» አለ፣ «ሌላ ቦታ፣ ሌላ ሰው ጋ ታነሺዋለሽ፤
እኔ ሐኪምሽ አይደለሁም።
እዚህ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፦
አባትሽ መረብ ጠጋኙ ወንበር ላይ
ስንት ደቂቃ ተቀመጡ?»

አልመለስኩም።
እስኪቆጠር ድረስ ቆየሁ እንጂ መልሱን አውቀው ነበር።
«አሥራ አንድ።»

«ስምሽን ረድኤት ያሉሽ» አለ፣ «መርቀውሽ ነው፤
የሥራ ዝርዝር አላወጡልሽም።»
ከዚያ፣ ወደ ቆርቆሮው እያየ፣
«እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ አንዲት ልጅ…» ብሎ
አልጨረሰውም።

ምላሴ ላይ ቃል ነበር። አሥር ቃል ነበር።
ዋጥኩት። ተቀመጥኩ።
ነፋሱ መስኮቱን ገፋ አደረገው፣ መለሰው።
ጋሽ ዳንጊሶ መነጽሩን አጠለቀ፤
«ደውይለት» አለ። «አንዴ ብቻ።
ና አትበይው። ወንበሩ አለ በይው።»

ማክሰኞ ጠዋት ሰዓቱን ከግድግዳው አወረድኩ፤
ሚስማሩ ቀረ።
በሩን ገርበብ አድርጌ እጄን ጭኔ ላይ አኖርኩ።
ደረጃው ላይ እርምጃ አለ፤ ቀስ ያለ፣ የሚያርፍ፣
የእሱ ይሁን የጽዳቷ ሴትዮ እንጃ።
አልተነሳሁም።